የደከመ ባትሪ

በወረኢሉ ደጋ የኅዳር ብርድ ሰውን ብቻ ሳይሆን ባትሪንም ያደክማል። በየገጠሩ የተማሪዎቼን ወላጆች ልጠይቅ የምሄደው በሞተር ሳይክል ነውና፣ ማለዳ የማስነሻው ድምፅ ሲያቃስት ሐሳብ ይገባኛል፤ ለአዲስ ባትሪ ከመምህር ደመወዝ የሚጎድለው ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የደከመ ሁሉ የሞተ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም ያገለግለናል። ባለ 12 ቮልቱ 6 ክፍሎች አሉት፤ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ እንዲሁ ከከረመም በእርሳሱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ጨው ኃይሉን ያጠፋዋል። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ፣ ፈሳሹ ሲጎድል የተጣራ ውኃ እንጂ የምንጭ ውኃ ወይም አሲድ አይጨመርበትም። ባለ 7 አምፔር ሰዓቱ፣ እሳት በሌለበት ስፍራ፣ በ0.7 አምፔር ቀስ ብሎ ይሞላ።

ሞልቶ ባደረ ማግስት ዳግመኛ ከወደቀ ይለወጥ። ሲፈታ አሉታዊው ጫፍ ይቅደም፤ ሲታሰር አዎንታዊው። ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ ለባትሪው 14 ቮልት ገደማ ካልደረሰው፣ ጥፋቱ ከሚመግበው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ አዲሱም ባትሪ ይሞታል።

ተማሪ ሰነፍ ነው ተብሎ ከመባረሩ በፊት ወላጆቹን የምጠይቀውም ስለዚሁ ነው፤ ድካሙ ከራሱ ይሁን ከሚመግበው ሳይለይ ፍርድ አይሰጥምና።