ልጆችን ይዞ ወደ አንዳሉስ



«ዕረፍት» የሚለው ቃል በእኛ ቤት እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ደሴ። ጀርመን አገር የምንኖር የወሎ ሰዎች እንደመሆናችን መጠን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የተጠራቀመችውን ገንዘብ ይዘን፣ ሻንጣውን በስጦታ ሞልተን ወደ ልጆቹ አያት ቤት መሄድ ልማዳችን ነው። ዝምድናን መቀጠል ከመዝናናት ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለምና ሌላ ሐሳብ መጥቶልንም አያውቅ። ዘንድሮ ግን በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ስፔን፣ ያውም ሙስሊሞች አንዳሉስ ይሏት ወደነበረችው አገር ልንሄድ ተነስተናል።

ሐሳቡን ያመጣው የ13 ዓመቱ ልጃችን ነው። በክፍሉ ውስጥ ስለ ሙስሊሞችና ስለ አውሮፓ ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከእንግዳ ሠራተኞችና ከስደተኞች ነው። እርሱም ይህንኑ አምኖ መጥቶ፣ «እኛ እዚህ አዲስ ነን፣ አይደል?» አለን። እኛ አዲስ ነን፤ እስልምና ግን አይደለም። ጣሪቅ ኢብን ዚያድ ባሕሩን ተሻግሮ የመጣው በ92 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ711) ነው። ዛሬ ጊብራልታር የሚባለው ዐለት ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው፤ ጀበል ጣሪቅ፣ የጣሪቅ ተራራ ማለት ነው። የመጨረሻዋ የሙስሊሞች ከተማ ግራናዳ እጇን የሰጠችው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1492 ነው። ወደ 780 ዓመት! ይህን ሁሉ ነገርነው። አንገቱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ግን እንደ ተረት የሰማው መሆኑን ያሳብቅ ነበር። ቁርኣን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ፍጻሜ በምድር ላይ ተጉዘን እንድናይ በተደጋጋሚ የሚያሳስበን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጆሮና የዓይን ልዩነት ሰፊ ነው።

ችግሩ ገንዘብ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ጉዞ አንችልም። ስፔን ከሄድን ደሴ ለሚቀጥለው ክረምት ይተላለፋል። ይህንን ለአያታቸው በስልክ ማስረዳት ነበረብን። አልተቆጡም። ብቻ፣ «እዚያ ያለው መስጊድ አሁንም ይሰገድበታል?» ብለው ጠየቁን። የኮርዶባው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነና ሙስሊም እንዲሰግድበት እንደማይፈቀድ ነገርናቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ታዲያ ልጆቹን ምን ልታሳዩዋቸው ነው?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያወጣነው ዕቅድ ሁሉ ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የጉዞውን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። ኮርዶባን አስቀድመን ወደ ግራናዳ ልንሻገር ነበር ያሰብነው። አሁን ግን ከማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ ግራናዳ እንሄዳለን፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ምክንያቱም በግራናዳ፣ አልባይሲን በሚባለው ጥንታዊ የሙስሊሞች ሠፈር ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ መስጊድ አለ። ከተማይቱ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እንደገና መስጊድ አገኘች ማለት ነው። ከአትክልት ቦታው ፊት ለፊት ማዶ የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ይታያል። መንገደኛ ላይ ጁምዓ ግዴታ ባይሆንም ረቡዕ ደርሰን ዓርብን እዚያ እንድንሰግድ አድርገን ቀኑን ቆርጠናል። ልጆቹ መጀመሪያ ሕያው መስጊድ ውስጥ ግንባራቸውን መሬት ላይ ይድፉ፤ የተወሰደውን ከዚያ በኋላ ይዩ ብለናል።

ጥቅምትን የመረጥነው ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ኮርዶባ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትግል ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚሞከር አይደለም። ከዚህም በላይ ግን የሶላት ሰዓት አለ። ስፔን በካርታ ላይ ከጀርመን ርቃ ወደ ምዕራብ ብትገኝም ሰዓቷን ከጀርመን ጋር አንድ አድርጋለች፤ ስለዚህ ፀሐይዋ በሰዓት ስትለካ ትዘገያለች። በሐምሌ መግሪብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ ዒሻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፣ ሱብሒ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይመጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ መሐል መቼ ይተኛል? በጥቅምት አጋማሽ መግሪብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሱብሒም ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድነት መስገድ ይችላል።

ስለ ቀስር አንዳንድ ወዳጆች ጠይቀውናል። በሻፊዒ መዝሀብ መንገደኛው በአንድ ቦታ የሚቆየው የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር ከአራት ቀን በታች ከሆነ ሶላቱን ማሳጠርም ማጣመርም ይችላል። በሐነፊይ መዝሀብ ማሳጠሩ ከ15 ቀን በታች ለሚቆይ ሲሆን፣ ማጣመሩ ግን ከሐጅ ሥርዓት ውጪ የለም። እኛ በግራናዳ አራት ሌሊት፣ በኮርዶባ ሦስት ሌሊት ስለምናድር በሁለቱም መንገደኞች ነን። የ9 ዓመቷ ልጃችን አራቱ ረከዓ ሁለት እንደሚሆን ስትሰማ ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ይህንን ሳይሆን አይቀርም!

የምግቡ ነገር በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። በስፔን የአሳማ ሥጋ ባልታሰበበት ቦታ ይገባል፤ የባቄላ ወጥ ነው ተብሎ በቀረበው ውስጥ፣ በአትክልት ሾርባ ውስጥ ሳይቀር። ኬክና ብስኩት ላይ «ማንቴካ ደ ሴርዶ» የሚል ጽሑፍ ካለ የአሳማ ስብ ነውና መተው ነው። ደግነቱ በርካታ ሞሮኳውያን በአገሩ ስለሚኖሩ ሐላል ሥጋ ቤት ማግኘት አይከብድም። ስለዚህ ሆቴል ሳይሆን ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይተናል፤ ሽሮና በርበሬ ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሱ ግን አንድ ማሳሰቢያ፤ ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።

የአልሐምራ መግቢያ ትኬት አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ትኬቱ በእያንዳንዱ ሰው ስም ነው የሚቆረጠው፤ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ወደ ናስሪዶቹ ቤተ መንግሥት የሚገባበት ሰዓትም ተጽፎበታል። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው። ለዚህ ሐሙስ ጠዋትን መድበናል። ትንሹ ልጅ የ12ቱን አንበሶች ፏፏቴ እንዲቆጥር፣ ትልቁ ደግሞ ግድግዳው ላይ እየተደጋገመ የተቀረጸውን «ወላ ጋሊበ ኢለላህ» (ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም) እንዲያነብ ተነግሯቸዋል። ይህን ያስጻፉት ነገሥታት ራሳቸው ተሸናፊ ሆነው መውጣታቸውን ልጁ ራሱ ያስተውል ይሆናል፤ እኛ ቀድመን አንነግረውም። ቅዳሜ ታሪክ የለም። ግራናዳ ውስጥ ትልቅ የሳይንስ መናፈሻ አለና ቀኑ የልጆቹ ነው።

ቤት ውስጥ ከወዲሁ የጀመርነው አንድ ጨዋታ አለ። ስፔኖች ዘይትን «አሴይቴ»፣ ስኳርን «አሱካር»፣ ሩዝን «አሮስ» ይሏቸዋል። ሦስቱም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው፤ የእኛም ስኳርና ሩዝ እንዲሁ። ልጆቹ በማድ ቤት እየዞሩ ሌላ ይፈልጋሉ።

የሚከብደው ኮርዶባ ነው። ቀዳማዊ ዐብዱረሕማን በ780ዎቹ ያስጀመረው፣ ተከታዮቹ እያሰፉ የሠሩት፣ ከ850 በላይ ዓምዶች እስካሁን የቆሙበት መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1236 ቤተ ክርስቲያን ተደርጓል። በ16ኛው መቶ ዘመንም መሐሉን አፍርሰው ካቴድራል ተክለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦስትሪያ የመጡ ሙስሊም ወጣቶች ሊሰግዱ ሲሞክሩ ከጥበቃዎች ጋር ተጋጭተው ሁለቱ ታስረው ነበር። ስለዚህ ለልጆቻችን ከወዲሁ ነግረናል፤ እንደ ጎብኚ እንገባለን፣ ዙህርን ቤታችን እንሰግዳለን፣ በሌሎች የአምልኮ ቦታም ድምፅ አንሰማም። ኮምፓስ ግን እንይዛለን። ሚሕራቡ የሚያመለክተው ከመካ አቅጣጫ ይልቅ ወደ ደቡብ ያዘነበለ በመሆኑ ሊቃውንት ብዙ ተነጋግረውበታል፤ ልጆቹ በእጃቸው ይለኩት። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘውን የመዲነቱ-ዝ-ዘህራን ፍርስራሽ እናያለን።

ትልቁ ልጃችን ግን፣ «ለምን እንደ ኢስታንቡሉ አያ ሶፊያ ወደ መስጊድነት አይመልሱልንም?» ብሎ ጠይቋል። አያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1453 መስጊድ የሆነ፣ በኋላም ሙዚየም ተደርጎ በ2020 እንደገና ለሶላት የተከፈተ ነው። እንግዲህ በአንዱ ቦታ የተደሰትንበትን ነገር በሌላው ስናዝንበት ልጅ ፊት እንዴት ይነገራል? አንዳችን ሙሉውን ታሪክ አሁኑኑ ይስማ ባይ ነን፤ ሌላችን መጀመሪያ በቦታው ቆሞ ይዘን ባይ። ይህን ስንጽፍ ገና አልተስማማንም።

ሴቪያን ከዕቅዱ ሰርዘናታል፤ የተረፈው የሁለት ሌሊት ገንዘብ ለደሴው ጉዞ ተቀምጧል። የቀረውን፣ ኢንሻ አላህ፣ ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ እየጨመርንበት ለክረምቱ እንደርሳለን። አያታቸውም ጁምዓ ዕለት ከግራናዳው መስጊድ ሆነን እንድንደውልላቸውና ልጆቹን አንድ በአንድ እንድናገናኛቸው አዘዋል።