የአቃቂ ወደብ

የጃፓንን የወደብ ከተማ ዮኮሃማን ሊያይ የሄደ እንግዳ ሳይጎበኝ የማይመለሰው ቦታ ቢኖር የጉምሩክ መጋዘን ነው። በቀይ ጡብ የተሠሩ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ሌላው በ1913 ተጠናቀቀ። ከመርከብ የወረደ ዕቃ ቀረጡ እስኪከፈልበት ድረስ የሚቆየው እዚያ ነበር። በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አንደኛው ግማሽ ጎኑን አጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ተቀመጠባቸው፤ ኮንቴይነር መጥቶ የመጋዘኑን ሥራ ሲወስድባቸው ደግሞ ባዷቸውን ቆሙ። ከዚያ የከተማው አስተዳደር ተረክቦ አደሳቸውና በ2002 ለሕዝብ ተከፈቱ። ወደ እነሱ የሚወስደው የእግረኛ መንገድም ዕቃ ጫኝ ባቡር ይመላለስበት የነበረው የወደቡ መስመር ነው፤ ሐዲዱ ሳይነቀል በ1997 የሽርሽር ጎዳና ሆነ። ይህ ሁሉ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ቤተ መቅደስም አይደለም። ኩሊ የተሸከመበት፣ ጸሐፊ የቆጠረበት፣ ነጋዴ ቀረጥ የከፈለበት የሥራ ቦታ ነው፤ ከተማው ግን ለእንግዳ በኩራት የሚያሳየው እሱን ነው።

አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ወደብ አላት፤ እሱም አቃቂ ቃሊቲ ነው። ይህን ስል ለማሞገስ አይደለም፤ ታሪኩ ነው የሚመሰክረው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ባሕር ተሻግሮ በባቡር ለመጣ ዕቃ የሐዲዱ መጨረሻ አቃቂ ነበር። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን የወረዱትም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው፤ የዚያን ዘመን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሰገሌ ጦርነት ላይ ይቀራል እንጂ ዕቃው የት ይራገፍ እንደነበር አንጠይቅም። ከዚያ ወዲህም ሥራው ከአካባቢው አልራቀም። ዛሬ ትልቁ ደረቅ ወደብ ሞጆ ቢሆንም ቃሊቲ ጉምሩክ አለ፤ በእንዶዴ በኩል የአዲሱ ባቡር የጭነት ጣቢያ አለ፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ አቧራውን እያስነሣ የሚያልፈው በዚሁ ደጃፍ ነው። ዳር ዳሩን የቆሙት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች እዚህ የመጡበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ መንገዱ፣ ሐዲዱና ወንዙ ያሉት እዚህ ነው።

ጃፓንን ያነሣሁት ሩቅ አገር ስለሚያምር አይደለም። የእኛ ሰዎች ቀድመው ያነሡት ስለሆነ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ይዘው ወደ ጃፓን ሲሄዱ ለገሃር በባቡር ተሳፈሩ፤ አቃቂን አለፉ፤ ከጅቡቲ በመርከብ ተጉዘው ኮቤ ወደብ ላይ ወረዱ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ያ ጉዞ የሽርሽር ጉዞ አልነበረም። ጃፓን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንዴት ከኃያላን እኩል እንደቆመች ማወቅ ለዚያ ትውልድ የሞት የሽረት ጥያቄ ነበር፤ ከእሳቸው በፊት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከእሳቸው በኋላም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ያሉት ከበደ ሚካኤል ይዘውታል። ልዑካኑ ከቤተ መንግሥቱ አቀባበል ሌላ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ የጎበኙትም ለዚህ ነው፤ የአንድ አገር ጉልበት ከሥራው ቦታ እንደሚታይ ገብቷቸዋል። በዚያው ጊዜ የጃፓን አቡጀዲ በተቃራኒው አቅጣጫ በዚሁ ሐዲድ ወደ እኛ ይጎርፍ ነበር። ከዓመታት በኋላም ያ ጨርቅ ባለፈበት መንገድ ዳር፣ አቃቂ ላይ፣ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ ስንቱ ቤተሰብ በፋብሪካው ፈረቃ እየተመራ ልጆቹን አሳደገ። የኅሩይን ትውልድ ጥያቄ በእጁ ሊመልስ የሞከረው ይህ ሠራተኛ ነው። ኮቤን በአድናቆት የተመለከተ ዓይን አቃቂንም በዚያው አድናቆት ሊያይ ይገባው ነበር፤ እኛ ግን አቃቂን በመኪና መስኮት ከማየት አላለፍንም።

ባሕር የሌለው ወደብ ምን ወደብ ነው የሚል ይኖራል። ዮኮሃማ ላይም ግን ጎብኚውን የሚስበው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ሰው በውኃው ዳር የሠራው ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ባቡሩን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤልን ግድብ የገነባው ወራሪው ጣሊያን ሆኖ ሳለ የማንን መታሰቢያ ነው የምንጠብቀው ይባላል። ቁስሉ እውነተኛ ስለሆነ ተቃውሞውን አቃልዬ አላየውም። ይሁንና ዮኮሃማም እ.ኤ.አ. በ1859 ለውጭ ንግድ የተከፈተችው የአሜሪካ የጦር መርከቦች ባመጡት ግፊትና ጃፓን ባልተመቻት ውል ነው። ጃፓኖች ያንን ውል ለማስቀየር ዐሥርት ዓመታት ታገሉ እንጂ ወደቡን አላፈረሱም። የአቃቂን ድንጋይ የጠረበው፣ ሐዲዱን የዘረጋው፣ በኋላም ጣቢያውን ያሠራው የኢትዮጵያዊ ጉልበት ነው። አባ ሳሙኤልም ወራሪው ከተባረረ በኋላ ለአዲስ አበባ መብራት ሰጥቷል፤ ከዚያ ለአርባ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለመብራት ሲባል ማዳን ከተቻለ ለታሪክ ሲባል ማሳየት አያቅትም።

ቦታው ቆሻሻ ነው፣ ማን ይጎበኘዋል ለሚለው ግን መልሱ ኦታሩ ነው። ኦታሩ በሆካይዶ ደሴት ያለ የወደብ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የተጠናቀቀ የጀልባ ቦይ ነበረው። የወደቡ ንግድ ሲዳከም ቦዩ ደለል ሞላው፣ ሸተተ፣ መጋዘኖቹም ተረሱ፤ አስተዳደሩም ደፍኖ ሰፊ አውራ ጎዳና ሊያወጣበት ወሰነ። ነዋሪዎች በ1973 ማኅበር አቋቁመው ተቃወሙ። «ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ መተው ያስፈልጋል፤ ኦታሩ ያኔ ገበያው የሸሸው ከተማ ነበር፣ መንገዱን የሚደግፉትም እንጀራ እናገኛለን ብለው ነው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን እድፍ ሁሉ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ላይ መገናኘታቸው እውነት ነው፤ ገበሬው በዚያ ውኃ ጎመን እያጠጣ መኖሩ ከማንኛውም ጉብኝት በፊት መልስ የሚሻ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ወንዝ የሚጸዳው የሚያየው ሰው ሲበዛ ነው፤ ማንም የማያየው ወንዝ እድፉን እንደተሸከመ ይኖራል።

የኦታሩ ክርክር የተቋጨው በስምምነት ነው፤ አብዛኛው የቦዩ ክፍል በስፋቱ ግማሽ ተደፍኖ መንገድ ወጣበት፣ በቀረው ውኃ ዳር እ.ኤ.አ. በ1986 የእግረኛ ጎዳና ተሠርቶ 63 የጋዝ መብራቶች ተተከሉለት። ዛሬ ጎብኚ ይጎርፍበታል። ከታገሉት ብዙዎቹ ግን ውጤቱን እንደ ሽንፈት ቆጥረውታል፤ የተጠበቀው ውበቱ ነው፣ የሥራ ቦታነቱ ግን ሄደ ብለው። እዚህ ላይ እኔም እወላውላለሁ። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ እየሰፋ ነው፤ የአሮጌው ሐዲድ መሬት ቀጥ ያለና ረጅም ስለሆነ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ ሁሉ ዓይኑን ይጥልበታል፤ አቃቂም መንገድ ያስፈልገዋል። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ግቢ ተጠብቆ መስመሩ ለመንገድ ይሰጥ? ወይስ ሐዲዱ እንደ ዮኮሃማው የእግር መንገድ ሆኖ የጭነት መኪናው በሌላ በኩል ይሂድ? ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሐዲዱን እመርጣለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጉምሩክ በር ላይ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀው የተሳቢ ሾፌር ግን መንገዱን ቢመርጥ በምን አፌ እከራከረዋለሁ?