የመልካሳ ዳገትና የመርሴዲስ ትኩሳት

የቅንጦት መኪና ከተራው መኪና የተለየ ሕመም የሚታመም ይመስለናል። ነገር ግን ማንኛውም ሞተር የሚኖረው በአየር፣ በነዳጅ፣ በዘይትና በውሃ ነው፤ የሚታመመውም ከእነዚሁ አንዱ ሲጎድልበት ወይም ሲቆሽሽበት ነው። መርሴዲስን ልዩ የሚያደርጋት ሕመሟ ሳይሆን ሠሪዎቿ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር ያስተሳሰሩበት ጥብቅ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ሲናጋ ምን እንደሚከተል በመልካሳ ተመልክቻለሁ።

መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽ ዳር፣ በ1550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ በዴራና በኢተያ አድርጎ አሰላ እስኪደረስ መንገዱ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በመልካሳ በ95፣ በአሰላ በ92 ዲግሪ ገደማ። ውሃውን በግፊት አፍኖ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ የሚያደርገው የማቀዝቀዣው ክዳን ነው። ስለዚህ አንድ የላላ ክዳን ብቻውን መኪና ያቆማል፤ ግን ይህን ርካሽ ዕቃ የሚጠረጥረው ጥቂት ሰው ነው።

አጎቴ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ከተሠሩት የ240 ዲ መርሴዲሶች አንዷ ነበረችው። በጉብዝናዋ ዘመን ባለሥልጣን ትጭን የነበረችው አሮጊት፣ በእሱ እጅ ሙሽሮችን እያመላለሰች የአምስት ልጆችን የትምህርት ወጪ ትሸፍን ነበር። ሙሽራ እንደያዘች ዳገት ላይ ብትፈላ የሚቀርበት የዕለት ገቢው ብቻ ሳይሆን ስሙም ነው። አንድ ጋራዥ «አገሩ ሞቃት ነው፤ ቴርሞስታት ምን ያደርግልሃል?» ብሎ አውጥቶ ጣለለት። ከዚያ ወዲያ ባሰባት። ራዲያተር አስጠረገ፤ ቺንጋ አስለወጠ፤ የውሃ ፓምፕ ገዛ። ዳገት በወጣች ቁጥር መርፌው ወደ ቀዩ መሻገሩን አልተወም።

በመልካሳ የነበሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁት፤ «የምትፈላው ቆማ ነው ወይስ ዳገት ስትወጣ?» ቆማ ከሆነ ማራገቢያው ይጠረጠራል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ግን ውሃው በሚገባ አይዘዋወርም ማለት ነው። ቀጥለው ሞተሩን አስነስተው እስኪግል ጠበቁና የላይኛውን የጎማ ቱቦ፣ ከዚያም የራዲያተሩን ታች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሞተሩ ሲንቀለቀል ራዲያተሩ ለብ ብሎ ነበር። «ልጁ ትኩሳት ይዞታል፤ እናቱ አልሰማችም» አሉና «ቴርሞስታቱ የታለ?» ሲሉ ጠየቁ።

በዚያ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ደግሞ ውሃው ሳይበርድ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አቋራጩ ዘወትር ክፍት ይሆናል፤ የጋለውም ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ እዚያው ይሽከረከራል። ሞተሩን ያበርዳል የተባለው ዘዴ ያጋለው ስለዚህ ነው።

አረጋዊው ግን ወዲያው አዲስ ዕቃ ወደ መግጠም አልተጣደፉም። ደጋግሞ መፍላቱ ቴስታታውን ጎድቶት እንደሆነ ለማወቅ ዘይቱ እንደ ወተት መንጣቱን፣ ውሃው ውስጥም አረፋ መኖሩን መረመሩ። አልነበረም። (ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ከባለሙያዎቹ አፍ መልቀም ለቋንቋ መምህራን የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።)

ቴርሞስታቱና ክዳኑ ተተኩ። አጎቴ በጀሪካን ከአዋሽ አስቀድቶ ያመጣውን ውሃ ግን አስደፉት፤ ደለሉ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናልና። በምትኩ የተጣራ ውሃ ከፀረ ዝገት ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው ሞሉ። የጠየቁት ዋጋ ለውሃ ፓምፑ ከወጣው ያነሰ ነበር። አጎቴ ጨምሮ ሊሰጣቸው ቢሞክር አልተቀበሉም፤ ይልቁንም ረዳታቸውን ጠርተው የልጁን መዳፍ ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ።