አዲስ ደንብ፣ የድሮ ጠረጴዛ

የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ከካርታና ከዳማ የሚለየው አሸናፊና ተሸናፊ ስለሌለው ነው። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይፈርደዋል። አውራጅና ተቀባይ እንዳለው ዘፈን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ተቀባዩም ዜማውን መለወጥ መቻሉ ነው።

የዚህ ጨዋታ በኩር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሳጥን ሆኖ ወጣ። በ1989 ሁለተኛው፣ በ2000 ሦስተኛው፣ በ2008 አራተኛው፣ በ2014 አምስተኛው እትም ተከተሉ፤ አምስተኛውም በ2024 ተከለሰ። በሁለተኛው እትም ዘመን ተጫውቶ ኑሮ ያራቀው ሰው ዛሬ ሲመለስ ስሙን ያውቀዋል፤ ሒሳቡ ግን እንግዳ ይሆንበታል።

በድሮው ደንብ የመከላከያ ቁጥር ባነሰ መጠን ጥሩሩ ይጠነክራል። የማጥቂያ ቁጥሩ 18 የሆነ ተዋጊ የመከላከያ ቁጥሩ 4 የሆነውን ጠላት ለመምታት 4ን ከ18 ይቀንሳል፤ ባለ 20 ገጹ ዳይስ 14 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። ከሦስተኛው እትም ወዲህ ስሌቱ ተገለበጠ። ያው ጠላት 16 ይባላል፣ ያው ተዋጊ በዳይሱ ላይ 2 ይደምራል፤ የሚያስፈልገው አሁንም 14 ነው። ዕድሉ አልተነካም፤ የቀለለው መንገዱ ነው። አዲሱን እትም ገልጦ «ድሮ ቀረ» ለሚል ተጫዋች ይህች ትንሽ ሒሳብ በቂ መልስ ናት።

አምስተኛው እትም ያመጣው ሌላው ማቅለያ ሁለት ዳይስ መወርወር ነው። ሁኔታው ለተጫዋቹ ሲያመች ትልቁ ቁጥር ይያዛል፣ ሲከብድበት ትንሹ። 11 ወይም ከዚያ በላይ የማውጣት ዕድል በአንድ ዳይስ 50 በመቶ ነው፤ ከሁለት ትልቁ ሲያዝ 75፣ ትንሹ ሲያዝ 25 ይሆናል። በድሮው መጽሐፍ በየሰንጠረዡ ተበትኖ የነበረው ብዙ መደመርና መቀነስ በዚህ ተተካ።

እውነተኛው ለውጥ ያለው ግን ሞት ላይ ነው። በመጀመሪያው ደንብ የሕይወት ነጥቡ ያለቀበት ገጸ ባሕርይ ይሞታል። ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነበረችው፤ ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ጀርባ ይሸሸግ ነበር። ያ ጭካኔ ጥንቃቄን አስተምሯል፤ ተጫዋቾች በር ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን ይደቅናሉ፣ ወለሉን በረጅም ዘንግ ይነካካሉ። በአምስተኛው እትም አስማተኛው የማያልቁ ትንንሽ ድግምቶች አሉት፤ የወደቀም ወዲያው አይሞትም። ተራው በደረሰ ቁጥር ዳይስ ይወረውራል፤ 10ና ከዚያ በላይ ለሕይወት፣ ከዚያ በታች ለሞት ይቆጠራል። ሦስት ጊዜ የቀናው ይተርፋል፤ ሦስት ጊዜ የከሸፈበት ይሞታል።

በእነዚያ ጥቂት ተራዎች ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ከሽፎበታል፤ አንድ ቀርቶታል። ጓደኛው ጠላትን ትቶ ወደ ወደቀው ይሮጥ ይሆን? የድሮው ደንብ አስቀድሞ መጠንቀቅን ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ ለወደቀ መድረስን ይጠይቃል። ሁለቱም የየራሳቸውን ታሪክ ይወልዳሉ፤ አንዱ የሌላው ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ የሚመለስ ተጫዋች አዲሱን መጽሐፍ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ገጽ ቢያነበው ይጠቀማል፤ ይበልጥ የሚያሳስተው ያወቀ የመሰለው ቃል ነውና። ከጠረጴዛው የሚጠበቅበት ግን ያው የድሮው ነው፦ መሪው የሚተርከውን ከልብ መስማት፣ «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ሲባልም መልስ መስጠት።