ለተማሪ የተነገረ፣ ለቤት ያልተነገረ

የዒድ ዋዜማ ነበር። ባለቤቴ መጸዳጃ ቤቱን ስታጸዳ በረኪናው አልበቃ ቢላት አቼቶ ጨመረችበት። ወዲያው ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። እጇን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ አየር ስታገኝ ሳሉ በረደላት።

በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ሌላ መርዛም ጋዝ ይፈጠራል። ይህን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተምራለሁ፤ ለባለቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ዕውቀት አማና መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! በረኪናን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እናቅጥን፣ መስኮት እንክፈት። ይህንንም ዛሬውኑ ለቤተሰቦቻችን እንንገር።