«አያስታውቅብህም»

አማርኛችን ጾታን በግስ ላይ ያስራል። አንድን ሰው በቅርበት ለመጥራት መጀመሪያ ወንድ ነው ሴት ብሎ መወሰን ግድ ነው፤ ወይ «ና» ወይ «ነይ»። ሆኖም ይህንኑ አጥር ራሳችን በየቀኑ እንዘለዋለን። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ የኔ ቆንጆ፣ ነይ ብይ» ትላለች፤ ሴት ልጇን ደግሞ «አንተ ጎበዝ፣ ና እስቲ» ትላለች። ከፍቅር ብዛት መሆኑ ስለሚታወቅ የሚደነግጥ የለም። ያው «አንቺ» ከእናት አፍ ወጥቶ ሰፈር ልጆች አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ድንጋይ ይሆናል።

እኔን ሁለቱም ደርሰውኛል። ያደግሁት የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ነው። እናቴ እስክጎረምስ ድረስ «አንቺ» ብላ አሳድጋኛለች። በ11 ዓመቴ ከትምህርት ቤት ስወጣ «አንቺ!» እያሉ ሲጮኹብኝ የሰማሁትም ቃል ያው ነበር። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ስናገር እጄም አብሮኝ ይናገራል። «ሴታሴት» የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። ወንድ የምወድ ወንድ መሆኔን እኔ ራሴ ያወቅሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰፈሩ የፈረደብኝ በእጄና በድምፄ እንጂ በልቤ አይደለም። ልቤንማ ማን አይቶት!

«ሴታሴት» የሚለው ቃል አንድ መንትያ አለው፤ «ወንዳወንድ» የሚባል። ሁለቱ ግን ሚዛን ላይ ሲወጡ እኩል አይደሉም። ሴትን «እሷ እኮ ወንድ ናት» ማለት ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው። ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መናገሻ የነበረው ይህ ተራራ የእቴጌ ጣይቱም ተራራ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ በተደረገው ዘመቻ መቀሌ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ውኃ በማሳጣቱ ዘዴ ስማቸው ሲነሣ «ከወንድ የማያንሱ» ተብሎ ሲነገር ሰምተን አድገናል። ወንድን «እሱ እኮ ሴት ነው» ብሎ ያመሰገነ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስለዚህ የሚያስቆጣን አጥር መዘለሉ አይደለም። ከሴትነት ወደ ወንድነት የዘለለች ጀግና ትባላለች፤ ከወንድነት ወደ ሴትነት የተጠጋ ግን ተዋረደ ይባላል። ስድቡ በእኔ ላይ ከማረፉ በፊት በእናቴና በእኅቶቼ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ወንድነት የሚባለውም ቢሆን የጸና ዝርዝር የለውም። በልጅነቴ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው፣ ጀርባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የማያቸው ሴቶች ነበሩ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ በላይ ነበር። በዚያው ተራራ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ የመጡ ወንዶች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ቀጭን ጥበብ ይሸምናሉ፤ ፈትሉን የፈተሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። የካቲት 16 ቀን፣ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ ጎልማሳ ወንዶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ቅዳሴው ላይ እንባቸው ሲወርድ የሚያፍርባቸው የለም። ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ የሰውነታቸው ልስላሴ ልብ ይነካል። ይህን ሁሉ ሴታሴትነት ያለው የለም። እጅ ለእጅ መያያዙን ግን ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ቢያየው ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። በአዲስ አበባ ወንድ የሚወዱ ወንዶች በምሥጢር ቋንቋቸው ራሳቸውን «ዜጋ» ይላሉ። በዜጎች መካከል ያ አሮጌ ሚዛን ተሰብሮ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል። አልተሰበረም። በር ሲዘጋ «አንቺ» እንደ እናት ቤት ሳቅና ፍቅር ሆኖ ይመለሳል። በር ሲከፈት ድምፅ ሁሉ ይጎረንናል፤ ትከሻ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ ትልቁ ሙገሳ «አንተ እኮ ምንም አያስታውቅብህም» የሚለው ነው። የሚያስታውቅበት ሰው ደግሞ «ያስበላናል» ተብሎ ይታማል። ፍቅረኛ የሚፈልገውም «ወንድ የሆነ ወንድ» እያለ ነው የሚያማርጠው።

አንድ ዓመት የካቲት 16 ቀን ስድስት ሆነን ኪዳነ ምሕረት ለመውጣት ተስማማን። ከመካከላችን አንዱ ሲራመድ የሚሰማው ሙዚቃ ያለ ይመስላል፤ ነጠላም ሲያጣፋ ያምርበታል። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንም ምንም ሳይናገር አራቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀደሙ። እኔም ድምፄ የሚያጋልጠኝ ነኝና ከእሱ ጋር ከኋላ ቀረሁ። እሱ አይቷል። አልተቆጣም፤ ነጠላውን አስተካከለና «ቀስ ብለን እንውጣ፤ ኪዳነ ምሕረት እንደሆነች ጥላን አትሄድ» አለኝ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ከቀደሙት አራቱ አንዱ ክፉኛ ታመመ። በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ሌሎቹ በስልክ ይጠይቁት ነበር፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ግን በር ድረስ መምጣት ፈሩ። ያ ጓደኛችን ፍራሹን ይዞ ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገላውን አጠበው፣ አጥሚት አፍልቶ በማንኪያ አጠጣው፣ የቆሸሸ አንሶላውን አጠበ። ግቢው ውስጥ ያሉ እናቶች «እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን» ብለው መረቁት። በሽተኛው ዳነ። «እንዴት አልፈራህም?» ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወንዶቹ እስኪመጡ ብጠብቅ ይሞት ነበር።»

የቀደሙት አራቱ የፈሩት ግን ጥላ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግም ይቀጣ ነበር። ሕጉ ግን የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ አረማመድን አይደለም። መንገዱ ይህን ልዩነት አያውቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ ይደብደቡ ሲባል ማስረጃ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። እንጀራውን፣ እናቱን፣ ሕይወቱን ለማዳን የሚደበቅን ሰው አልወቅስም። መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ መደበቅ ያልቻለውን መናቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ፣ በየዓመቱ ሐምሌ 4 ቀን ለመብታቸው ሰልፍ የወጡ ሰዎች ወንዱ ኮትና ክራባት፣ ሴቷ ቀሚስ እንዲለብሱ ይገደዱ ነበር። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ፍራንክ ካሜኒ በ1957 ከመንግሥት ሥራው የተባረረ የሥነ ፈለክ ምሁር ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መስሎ መታየት ያስከብራል ብሎ ያምን ነበር። በ1969 ኒውዮርክ፣ ስቶንዎል በተባለው መጠጥ ቤት፣ ፖሊስን ከተጋፈጡት መካከል ግን ክራባት ያላሰሩት፣ ቅንድባቸውን የተኳሉት ልጆች ነበሩ። ለመደበቅ የሚበቃ ነገር ስላልነበራቸው ነው።

«ከውጭ የመጣ ነው» ለሚለኝ ደግሞ አገር ውስጥ እመልሰዋለሁ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶናም በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በማሌ ሕዝብ መካከል ኖሮ ባጠናው ጥናት «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። ክብራቸው ሙሉ ነበር አልልም፤ ስም ግን ነበራቸው፤ በማኅበረሰቡ ውስጥም ቦታ ነበራቸው።

ለዜጎች የምለው አንድ ነገር አለ። መንገዱ እኛን በእጅና በድምፅ የሚለይ እስከመሰለው ድረስ፣ ድምፁ የጎረነነው በሰላም ያልፋል። የሚያስታውቅበት ሰው ሳያውቀው የማያስታውቅበትን ይከልለዋል። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ምንጊዜም እሱ ላይ ነው የምታርፈው። እንግዲህ እሱን መናቅ ከጋሻ ጀርባ ቆሞ ጋሻውን መርገም ነው።

ዕድሜ ድምፄን ስላወፈረው አሁን አሁን እኔንም «አያስታውቅብህም» የሚሉኝ አሉ። አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም። «ምኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።