ሹራቡን በረኪና እንዳታስነኪብኝ

ደብረ ብርሃን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣

ሥራው እንዴት ነው? ዝናቡስ? አባትሽ ጉልበቴን አመመኝ ይላል፤ ቆርቆሮ ሊጠግን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን አያመውም።

ያን ቀን «እማዬ፣ ሹራቡን በምን ልጠበው?» እንዳልሽኝ ኔትወርኩ ጠፋ። ይሁን፣ እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት ይሻላል።

ሱፉ የመንዝ በግ ነው፤ አክስትሽ ፈተለችው፣ እኔ ሠራሁት። ይሻክራል፤ ቢሆንም ከገበያው የተሻለ ይሞቃል። ቴፒ፣ ቡናው መሀል ተመድበሽ ቢሆን ኖሮ ሹራብ ባላሰብኩልሽ። የተመደብሽባት ማሻ ግን ደጋ ናት፣ ዝናቧም አያባራም። ሱፍ ደግሞ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ገላ ላይ ረጠበ አያሰኝም።

እንደ ራስሽ ፀጉር ቁጠሪው። ሁለቱም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ነጠላሽና ጋውንሽ ጥጥ ስለሆኑ ሳሙናው ቢበረታባቸውም ይችሉታል። በኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው ደረቅ የልብስ ሳሙና ግን አልካሊ ነው፤ ሱፉን ያደርቀዋል፣ ውሎ አድሮም ይበላዋል። ኦሞ የምንለው ዱቄት ሳሙና ደግሞ አልካሊነቱ ሳያንስ፣ ብዙው የደምና የምግብ እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አለበት። ደም ፕሮቲን፣ ሱፍም ፕሮቲን፤ ኢንዛይሙ እድፉን ከሹራቡ አይለይልሽም።

በረኪና ከሁሉም ይብሳል። ኬሚስትሪ ሳስተምር አንድ ብርጭቆ በረኪና ውስጥ የሱፍና የጥጥ ክር አብሬ እነክር ነበር። ሱፉ አረፋ እያወጣ ይሳሳል፣ ቆይቶም ሟሙቶ ይጠፋል። ጥጡ እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ይቀራል። የጤና ጣቢያው በረኪና የነካው እጅሽንም ሳትታጠቢ ሹራቡን አትንኪ።

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ «ለሱፍና ለሐር» የሚል ፈሳሽ ሳሙና አስመጪ። ካልተገኘ የሕፃናት ሻምፖ ይበቃሻል፤ ለፀጉር የተሠራ ነውና። ጥቂት ጠብታ ብቻ፤ የዝናብ ውሃ ከተጠቀምሽ ካልሲየም ስለሌለው ሳሙና አያባክንም።

አያትሽ ብትኖር «እንዶድ እያለ!» ትልሽ ነበር። እውነቷን ነው፣ የእንዶድ ፍሬ ያለ ኮስቲክ ሶዳ አረፋ ያወጣል። ነገር ግን እጣቢውን ወንዝ ውስጥ እንዳትደፊ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ እጣቢ ምክንያት ነው። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መግደሉ መልካም ነበር፤ ዓሣውንም ግን አይምርም። ለአንድ ሹራብ ብለሽ የሸካን ወንዝ አትበክዪ።

አስተጣጠቡን በአጭሩ ልንገርሽ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ መጨረሻ የምታለቀልቂበትም እንደዚያው። አትሺው። የሱፍ ክር ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ነው፤ ሙቀትና ማሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ ይቆላለፉና ሹራቡ የሕፃን ልክ ሆኖ ያርፋል። ጫን ለቀቅ እያደረግሽ ብቻ እጠቢው። አትጭመቂው፤ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ጫን በዪው። ገመድ ላይ ከሰቀልሽው በውሃው ክብደት ይረዝማል፤ የቀርከሃ አልጋሽ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈሽ ዘርጊው። በዚያ አየር ቶሎ አይደርቅም፣ ታገሺው። እሳት ዳር ግን እንዳታስጠጊው።

ቶሎ ቶሎም አትጠቢው። ሱፍ ቶሎ ሽታ አይይዝም፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ጥላ ውስጥ ማናፈስ ይበቃል።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቂና ነይ፤ ሹራቡንም ለብሰሽው፣ ልኩን ልየው። ለአባትሽ የሸካ ማር አትርሺበት።

እናትሽ